ሞግዚቷና የኖራው እሳት

ሞግዚቷ የእንጨቱን ሸክም ከትከሻዋ ሳታወርድ ነው የበቅሎ ኮቴ የሰማችው። ቁልቁለቱን አጋምሳለች። ቆም ብላ ስታዳምጥ የነጋዴ በቅሎ አይደለም፤ የብር ልጓም የሚንሿሿበት፣ ጋሻ ከጦር እየተጋጨ ቀጭ ቀጭ የሚልበት የጌታ ጉዞ ነው። ዕድሜዋን በትልቅ ቤት የፈጀች ሴት ይህን ድምፅ በእንቅልፍ ልቧም አትስተውም።

«ወይ ጉዴ! መጡ» አለች።

በመዳፏ ፊቷን ዳሰሰችና መዳፏን አየችው። ጥላሸት። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ አመድ ለብሷል፤ ድሮ የሐር መቀነት ትታጠቅበት በነበረው ወገቧ ላይ የልጥ ገመድ ታስሯል። ልደበቅ ወይስ ልታጠብ ብላ አመነታች። ሁለቱም አልሆነላትም፤ ታች ያለው እሳት እንግዳ መጣ ብሎ አይጠብቅም። ሸክሟን አስተካክላ ወረደች።

እቶኑ ከገደሉ ግርጌ ተቆፍሮ በጥቁር ድንጋይ የተገነባ፣ ሰው ከነቁመቱ የሚውጥ ጉድጓድ ነው። ከላይ እስከ አፉ የኖራ ድንጋይ ታጭቆበታል። ከታች አንድ ጠባብ በር አለው፤ ማገዶውን የሚጎርሰው በዚያ ነው። በሩ ፊት ተንበርክካ እንጨት የምታጎርሰው ሴት የከተማው የጦር አበጋዝ ሚስት ነበረች። ነበረች ነው የሚባለው፤ አበጋዙ በጦርነቱ ሞቷል። በእሱ ዘመን እሷ ስትነሳ ቤቱ በሙሉ ይነሳ ነበር። አሁን የሻሿ ጫፍ በእሳት ተለብልቧል፣ ዓይኗ በጭስ ቀልቷል፣ የጣቶቿ ቆዳ እንደ አናጢ ጣት ሻክሯል።

«እሜቴ፣ አጎትዎ መጡ።»

«አየሻቸው?»

«ማየት አያስፈልገኝም። ያ ልጓም የአባትዎ ልጓም ነው።»

እመቤቲቱ አልተነሳችም። አንድ ፍልጥ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ፣ «እንግዲህ ይምጡ። እንጨቱን አቀብዪኝ፣ እትዬ» አለች።

ነገሩ የጀመረው በከበባው ጊዜ ነው። ጠላት ከተማውን ከቦ፣ አበጋዙ ከቅጥሩ ውጭ ወድቆ፣ አገልጋዩ ሁሉ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ሲበተን በዚያ ሰፊ ቤት የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ጎተራው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ወፍጮውም በቦታው አለ። እመቤቲቱ ግን እህል ፈጭታ አታውቅም፤ ሞግዚቷም ብትሆን ሕፃን አቅፋ የኖረች የእልፍኝ ሰው ናት። እሳቱ ጠፋ፤ ዳግመኛ ማንደድ አቃታቸው። ሁለት ሴቶች በሞላ ጎተራ አጠገብ ጥሬ እህል እየቆረጠሙ፣ በወርቅ የተጠለፈ መጋረጃ ተከናንበው በብርድ ተንቀጠቀጡ። ያኔ ነው እመቤቲቱ ተንበርክካ ስትጸልይ ሞግዚቷ የሰማቻት። ባሌን መልስልኝ አላለችም፤ ቤቴን ጠብቅልኝም አላለችም። «ፈጣሪዬ፣ እጅ ሰጥተኸኝ ነበር። ከዚህ ካወጣኸኝ ሳልሠራበት አልሞትም» ነው ያለችው።

ከበባው ሲነሳ ቤቷን ለቁስለኞች መኝታ ለቀቀችና በእግሯ ወጣች። ሞግዚቷ ተከተለቻት። ምን ታድርግ፣ ከገዛ ልጇ ጋር እኩል ጡት አጥብታ ያሳደገቻት ናት። ደስ ብሏት ግን አልተከተለችም፤ መንገዱን ሁሉ ስታጉረመርም ነው የጨረሰችው። «ትራሴን እንኳ ይዤ በወጣሁ» ትል ነበር፤ «ድንጋይ መንተራስ ለቅዱሳን እንጂ ለእኔ ዓይነቱ አንገት አልተፈጠረም።»

መድረሻቸው ይህ የጸሎት ሰፈር ሆነ። ድንጋያማ ተራራ ላይ የተጠጋጉ ትናንሽ ቤቶች አሉ፤ መሐላቸው አንድ ዝቅተኛ የጸሎት ቤት። ሕጉ አንድ ነው፤ ማንም በሌላው ላብ አይኖርም። ሙያ ያለው ይሠራል፣ የሌለው ይማራል። እዚያ የጠፋው ውሃ ነው። በጋ ሲመጣ ሽማግሌ ሳይቀር እንስራ ተሸክሞ ሸለቆ ይወርዳል። የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበት ግንብ ሠርተው ነበር፤ ነገር ግን በኖራ ካልተለሰነ ያፈሳል። ኖራ ማቃጠል የሚያውቀው ደግሞ አያ አመዶ የሚሉት ሽማግሌ ብቻ ነው። እሱንም ኖራው ዕድሜ ልኩን አብልቶት ሲያበቃ ዓይኑን ወስዶበታል።

እመቤቲቱ «ዓይን እኔ ልሁንዎት፤ ያስተምሩኝ» ብላ ገባችበት። የመጀመሪያው እሳት ከሸፈ። ነበልባሉ ወርዶ ሳያዩት ቀርተው፣ የድንጋዩ ልብ ጥሬ ሆኖ ወጣ፤ ያ ሁሉ እንጨት አመድ ሆኖ ቀረ። እመቤቲቱ አልቅሳ ስታበቃ መጥረቢያዋን አንስታ እንደገና እንጨት ለመፍለጥ ወጣች። ሁለተኛው እሳት ሲለኮስ ግን ነገር ተገለበጠ። አያ አመዶ «ጭሱ ምን ይመስላል?» ሲል እመቤቲቱ «ነጭ ነው» አለች።

ሞግዚቷ ከኋላ ሆና፣ «ምኑ ነው ነጭ? አጓት የመሰለ ነው እንጂ! በግራ በኩል ደግሞ ሳስቷል» አለች።

ሽማግሌው ጆሮውን አቀና። «እንዴት አየሽው?»

«ሕፃን ሲያተኩሰው ከፊቱ መልክ ነው የማውቀው። ይሄስ በምን ይለያል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳቱ ዓይን እሷ ሆነች። እሷ ትናገራለች፣ እመቤቲቱ ታጎርሳለች፣ አያ አመዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እሳቱን በጆሮው ይከታተላል። አሁን እሳቱ ሊደርስ ተቃርቧል። ከተራራው ጀርባ ደግሞ የዓመቱ የመጀመሪያ ደመና መቆለል ጀምሯል፤ ኖራው ዝናቡን ካልቀደመ ሰፈሩ ሌላ ዓመት እንስራ ሊሸከም ነው።

የእመቤቲቱ አጎት፣ አዛዡ፣ ከነአጃቢዎቻቸው ደረሱ። ጥቁር ካባ ደርበዋል፤ ሰይፋቸው በቀይ ቆዳ ሰገባ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ከኋላቸው ጋሻቸውን የተሸከመው ጎልማሳ የሞግዚቷ ልጅ ነው። እናቱን ለመለየት ጊዜ ወሰደበት። ሲለያት አንገቱን ደፋ።

«የወንድሜ ልጅ የት አለች?» አሉ አዛዡ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው።

«እዚህ ነኝ፣ አጎቴ» አለች እመቤቲቱ ከመሬት። «ብድግ ብዬ ባለመቀበሌ ይቅር ይበሉኝ። እጄን ካሳረፍኩ እሳቱ ይወርዳል። እንዴት ሰነበቱ?»

አዛዡ ወረዱ። አመዱን እንዳይረግጡ የካባቸውን ጫፍ ሰብሰብ አደረጉ። «ልጄ፣ ሐዘን ልብ ይነካል። ይውጣላት ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ። አሁን ግን ይበቃል። አዲሱ አገረ ገዥ ለጋብቻ ጠይቆሻል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ያንቺ ስም ከስሙ ጋር ሲጠራ የባልሽ ወታደሮች ያድሩለታል።»

«ወታደሮቹማ አድረውለታል፤ መንገደኛው ሁሉ ያወራል። እኔን የፈለገኝ ለጌጥ ነው።»

«ቃሌን ሰጥቼዋለሁ እኮ!»

«የእርስዎን ቃል ሰጡት። የእኔን ከየት አገኙት?»

«በግራ ሁለት ፍልጥ» አለች ሞግዚቷ ዝቅ ባለ ድምፅ። እመቤቲቱ ሁለት ፍልጥ በግራ በኩል አስገባች።

የአዛዡ ፊት ቀላ። «አስሬ ብወስድሽስ?»

«ይችላሉ። ገመድ ካጠረዎት እኛ አለን። ግን ታስራ የገባች ሙሽራ ለአገረ ገዥው ምን ክብር ትሆነዋለች?»

ከወታደሮቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። አዛዡ ዞር ብለው አዩትና ድምፃቸውን ለዘብ አደረጉ፤ ጨካኝ ሰው አይደሉም። ይህችን ልጅ አባቷ ሲሞት ተቀብለው የዳሩ እሳቸው ናቸው። «ምን ጎደለሽ? እስኪ ንገሪኝ። ቤትሽ ምን ጎድሎት ነው እዚህ አመድ ላይ የምትንከባለዪው?»

እመቤቲቱ በክንዷ ግንባሯን ጠረገች። «ቤቴማ ምንም አልጎደለውም። እኔ ነበርኩ የጎደልኩት። ባለቤቴ በሞተ ጊዜ የገዛ ምድጃዬን ማንደድ ያቃተኝ ሴት ነኝ፣ አጎቴ። የለበስኩት ሌላ ሰው የፈተለው፣ የበላሁት ሌላ ሰው የፈጨው፤ ጸሎቴን እንኳ ሌላ ሰው ነበር የሚጸልይልኝ። እዚህ ስተኛ፣ ዛሬ ምን ሠራሽ ብሎ ፈጣሪ ቢጠይቀኝ የምመልሰው አለኝ። ይህ ይበቃኛል።»

«በቀኝ አንድ» አለች ሞግዚቷ።

አዛዡ ጦር ሜዳ የዋሉ ሰው ናቸው፤ ማን ማንን እንደሚያዝ ለማየት ብዙ አልፈጀባቸውም። እመቤቲቱን ትተው ሞግዚቷን በእጃቸው ጠሩና ወደ ጎን ወሰዷት።

«እሷ ልቧ ደንድኗል። አንቺ ግን ልባም ሴት ነሽ። ያላንቺ ይህን ነገር ሳምንት አትገፋውም፤ አይደለም?»

«እንጃ፣ ጌታዬ።»

«ከእኔ ጋር ተመለሺ። ከእልፍኙ ጎን ያለውን፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ሰጥቼሻለሁ። እጅሽን የምታስታጥብሽ ገረድ ይኖርሻል። ልጅሽን አለቃ አደርገዋለሁ። ሚስቱ ደግሞ ልትወልድ ደርሳለች፤ አልነገሩሽም? የልጅ ልጅሽን ትታቀፊያለሽ።»

ሞግዚቷ የመጨረሻዋን ቃል ስትሰማ ቀና ብላ ልጇን አየችው። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀላት። ክፍሉን ታውቀዋለች፤ ወለሉ ምንጣፍ ነው፣ መስኮቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ተቀምጠው ግቢውን ያዩበታል። ለስንት ዓመት ለሌሎች ልጆች ያነጠፈችው ክፍል ነው። ስድሳ ዘመኗ አልፏል፣ ወገቧ ያማታል፣ እንጨት መሸከም ተጠይፋ የኖረች ሰው ናት። ይህን ሁሉ ጊዜ ስታጉረመርም የነበረው ታዲያ ለምን ኖሯል?

እመቤቲቱ ሰምታለች። ከእሳቱ ዓይኗን ሳትነቅል ተናገረች። «እትዬ፣ ሂጂ። ከልቤ ነው የምልሽ። ለእኔ ብለሽ የቀረሽ እንደሆነ ያንቺ ሸክም ከእንጨቱ ይብስብኛል።»

ሞግዚቷ እሺ ልትል አፏን ከፈተች። አዛዡ ለመስማት ጠጋ አሉ። ከትከሻቸው በላይ የእቶኑ አናት ይታያል።

«ጌታዬ፣ እስኪ ዘወር ይበሉልኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ጭሱን ጋረዱኝ።»

አዛዡ እንዲህ ተብለው አያውቁም፤ ከመገረማቸው የተነሳ እውነትም ዘወር አሉ። ጭሱ በቀኝ በኩል ተቋርጧል። ጨርሶ። ማገዶው ውስጥ ለውስጥ ተደርምሶ ግማሹ ጎን እሳት አጥቷል። ሞግዚቷ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ሮጠች።

«አንቺ! ቀኙ ሞተ! ቀኙን እኮ ነው የምልሽ፣ ምን ታያለሽ? ረጅሙን ፍልጥ አምጪ!»

እመቤቲቱ ብድግ ብላ ሮጠች። ሞግዚቷ ረጅሙን እንጨት ከእጇ ነጥቃ ወደ በሩ አስገብታ የተደረመሰውን ፍም ቆሰቆሰች፤ ወላፈኑ ቅንድቧን ለበለባት። «ቀጭን ቀጭኑን! ቶሎ በዪ! ከዚያ ወፍራሙን ትደግሚበታለሽ!» እመቤቲቱ ታቀብላለች፣ እሷ ትወረውራለች። ጡት ካስጣለቻት ወዲህ «አንቺ» ብላ ስትጠራት ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ራሷ ግን አላስተዋለችውም። ወታደሮቹ ሁሉ አስተውለዋል። አዛዡም።

«ምን ሆነ?» ይላል አያ አመዶ፣ እጁን አየር ላይ እየዘረጋ።

«ተደርምሶ ነው። ይዞልኛል፣ እየያዘልኝ ነው! ግን እንጨት አለቀ፤ የቀረው ላይኛው ክምር ጋ ነው።»

ላይኛው ክምር ከቁልቁለቱ አናት ነው። ሁለት ሴቶች ተመላልሰው እስኪያወርዱት እሳቱ ሁለቴ ይሞታል። ሞግዚቷ ዞር ስትል፣ ጦር ተደግፈው የቆሙ ትከሻቸው የሰፋ ሰዎች አየች።

«እናንተስ! ጦር ተደግፋችሁ የምትቆሙት ገደሉ እንዳይወድቅ ነው?»

ወታደሮቹ አዛዡን አዩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ልጇ የአዛዡን ጋሻ ሣር ላይ በቀስታ አስቀመጠና ነጠላውን አሸርጦ ዳገቱን ወጣ። ሳቁን በሳል የሸፈነው ወታደር ተከተለው። ቀጥሎ ሌሎቹ።

«ማን ፈቀደላችሁ?» አሉ አዛዡ።

«እሳቱ፣ ጌታዬ» አለ አያ አመዶ። «እሱ ሲያዝ አለቃ አይጠይቅም።»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንጨት ወረደ። አዛዡ ካባቸውን ሰብስበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ በመጀመሪያ በቁጣ፣ ኋላ ግን እንደማንም እሳት እንደሚያይ ሰው አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው። ሞግዚቷ አንዴም ዞር ብላ አላየቻቸውም። ጭሱ ወፈረ፣ ነጣ፣ ሳሳ። ፀሐይ ወደ ሸለቆው ስታዘቀዝቅ ጨርሶ ጠፋና በእቶኑ አናት ላይ፣ በድንጋዮቹ መሐል፣ ጥርት ያለ ነበልባል ብቅ አለ።

«ጭስ አለው?» አለ አያ አመዶ።

«ቅንጣት የለውም።»

«ድንጋዩስ?»

«እንደ ብርቱካን ቀልቶ ውስጡ የሚታይ ይመስላል።»

«እንግዲህ በሩን በጭቃ ድፈኑት። የቀረው የፈጣሪ ነው።»

ሞግዚቷ ጭቃውን በእጇ መርጋ ስታበቃ አዛዡ አጠገቧ ቆመዋል። «መልስሽን አልሰጠሽኝም» አሉ።

እጇን በአመድ አሸች። «ጌታዬ፣ ክፍሉ መልካም ክፍል ነው፤ ፀሐይ ይገባዋል። ግን እዚያ ቁጭ ብዬ ምን አያለሁ? ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ አሳድጌ፣ መልኩን ሳውቀው ለባለቤቱ ስመልስ ኖርኩ። ይህን እሳት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። ሌላም ማየት እፈልጋለሁ።»

«የልጅ ልጅሽስ?»

ሞግዚቷ ልጇ ወዳለበት አየች። «ሲወለድ ይላኩብኝ። መጥቼ አቅፌው፣ ስሜው፣ እመለሳለሁ። መንገዱን እንደሆነ በእግሬ አውቄዋለሁ።»

አዛዡ ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ። «ለአገረ ገዥው ምን ልበለው ታዲያ?»

«ያዩትን ይንገሩት፣ አጎቴ። ኖራ ታቃጥላለች ይበሉት።»

«ይስቅብኛል።»

«ይሳቅ። ሳቅ አይገድልም።»

«አባትሽም እንዲህ ነበር፤ ግትር» አሉና እርካቡን ረገጡ። ከተቀመጡ በኋላ ጎንበስ ብለው ጭንቅላቷን ዳበሱላት። መዳፋቸው ጠቁሮ ተመለሰ፤ ወደ ካባቸው ሊጠርጉት አሉና ተዉት።

ልጁ ጋሻውን አንስቶ ወደ እናቱ መጣ። እሱም እንደሷ ጠቁሯል። «እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እዚህ ደስ ይልሻል?»

«ደስታውን እንጃ» አለች። «እንቅልፍ ግን ይወስደኛል። እዚያ ቤት ሳለሁ ጣሪያ ስቆጥር ነበር የሚነጋው።» ከዚያ ጉንጩን ሳመችውና ወደ በቅሎዎቹ ገፋ አደረገችው፤ እንባዋን እንዳያይ።

እቶኑ እስኪበርድ ጠበቁ። ደመናው በየቀኑ እየወረደ፣ ነፋሱ ውሃ ውሃ እየሸተተ። ሲከፍቱት ግራጫ ሆኖ የገባው ድንጋይ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሞግዚቷ አንዱን አነሳችና መዘነችው፤ ሲገባ በሁለት እጅ ነበር የተሸከመችው፤ አሁን በአንድ እጇ ብድግ አለላት። ሸክላ ገበታ ውስጥ አኖረችና ውሃ አፈሰሰችበት።

ድንጋዩ ዝም አለ።

እመቤቲቱ ገበታው ላይ ጎንበስ አለች። አያ አመዶ አንገቱን አስግጎ አዳመጠ። ሞግዚቷ ዓይኗን ከድንጋዩ አልነቀለችም። «ቆዩ» አለች፤ «ሊያለቅስ ሲል ሕፃንም እንዲህ ነው።» ወዲያው ድንጋዩ ጠሽ አለ። ተሰነጠቀ። እንፋሎት ገነፈለ፤ ውሃው እሳት ሳይነካው መፍላት ጀመረ፤ ያ ጠንካራ ድንጋይ እየተፈረፈረ እንደ እርጎ ነጭ ሆኖ ተኛ።

«እሰይ! ዓይኔን የበላው ጠላቴ መጣ!» ብሎ አያ አመዶ እየሳቀ አጨበጨበ። የጠፉት ዓይኖቹ እንባ አፈሰሱ።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጣ። ከአሸዋ ጋር ለወሱት፣ የግንቡን ውስጥ ከታች እስከ ላይ ለሰኑት፣ በለስላሳ ድንጋይ አሹት። ልስኑ ደርቆ ሲያበቃ ነው ዝናቡ የመጣው።

በዚያ ቀን የሠርክ ጸሎት ላይ ሞግዚቷ ከእመቤቲቱ ጎን ተንበረከከች። ከመጡበት ዕለት ጀምሮ ጸሎቷ አጭርና አንድ ዓይነት ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ ወደዚያ ቤት መልሰኝ» ትላለች፣ አሜን ብላ ትነሳለች። ዛሬም እንደ ልማዷ አፏን ከፈተች። ቃሉ አልመጣላትም። ሌላ የምትለምነውን ፈለገች፤ አንዱን አነሳች፣ ተወችው፤ ሌላውን አነሳች፣ እሱንም ተወችው። ከውጭ ውሃው እየተንደቀደቀ ወደ ማጠራቀሚያው ሲወርድ ይሰማል። ጣሪያውን ዝናብ ይደበድበዋል። ዳገቱ አናት ላይ አዲስ የከመረችው፣ ገና ያላለበሰችው እንጨት ትዝ አላት።

«ለሚቀጥለው እሳት ደረቅ እንጨት አታሳጣን» አለችና ሣር ልታለብሰው በዝናቡ ወጣች።